ፀሐይን ማሳደር

የሚያውቁት ሁሉ ጋሽ እሳቱ ይሉታል። እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ምድር ቤት የቦይለር እሳት ሲጠብቅ የወጣለት ነው። ጡረታ ሲወጣ ቱታውን አስረከበ፣ የመሣሪያ ሳጥኑንም አስረከበ፣ ስሙን ግን የሚረከበው አጣና ይዞት ወደ ቤቱ ገባ።

ቤቱ ሁለት ክፍልና አንድ ጠባብ መታጠቢያ ነው። ከውጭ በኩል አሥራ ሰባት ደረጃ ያለው የሲሚንቶ መወጣጫ ወደ ጠፍጣፋው ጣሪያ ይወስዳል። ጋሽ እሳቱ ከሰዓት በኋላ እዚያ ወጥቶ መቀመጥ ይወዳል። ዕድሜውን ምድር ቤት የጨረሰ ሰው ነውና ሰማይ አይሰለቸውም። ጀርባውን ለግንቡ ሰጥቶ ዓይኑን ሲከድን፣ ሙቀቱ በሸሚዙ አልፎ ቀስ እያለ ትከሻው ውስጥ ሲገባ ይሰማዋል። ያን ጊዜ ሁልጊዜ የሚመጣበት አንድ ሐሳብ አለ። ይህ ሁሉ እሳት፣ ማገዶ የሚጨምርለት የለ፣ አመድ የሚጠርግለት የለ፣ እንቅልፍ የሚጥለው ጠባቂ የለው። ቀኑን ሙሉ ጣሪያው ላይ እንደ ውሃ ሲፈስ ይውላል። ሲመሽ ደግሞ እዚሁ እደር የሚለው ሰው ስለሌለ ይሄዳል።

ባለቤቱም የዚያው ልብስ ማጠቢያ ሰው ናት። እሱ ከታች እንፋሎት ይልካል፣ እሷ ከላይ በእንፋሎቱ አንሶላ ትተኩሳለች። የተዋወቁት ሳይተያዩ ነው። ሙቀቱ ሲያንሳት በመተኮሻው እጀታ ቧንቧውን ሁለት ጊዜ ኳ ኳ ታደርጋለች፤ እሱ እሳቱን ይጨምርላታል። ሲበቃት አንድ ጊዜ ትመታለች። አንድ ቀን ሦስት ጊዜ መታች። ሦስት ምን ማለት እንደሆነ አልተነጋገሩምና ግራ ገብቶት ደረጃውን እየሮጠ ወጣ።

"ምን ጎደለ?" አላት ላቡን እየጠረገ።

"ምንም። ሰው ይሁን ማሽን ልየው ብዬ ነው" አለችው።

በዚያው ዓመት ተጋቡ።

አሁን እነዚያ ስንት ሺህ አንሶላ የተኮሱ እጆች ታመዋል። በተለይ ማለዳ ጣቶቿ ድርቅ ብለው ያድራሉ፤ የሹራቧን ቁልፍ እንኳ መያዝ ያቅታታል። ሐኪሙ መድኃኒቱን ሰጥቶ ሲያበቃ፣ "ጠዋት እንደተነሡ እጅዎን ግማሽ ሰዓት ሙቅ ውሃ ውስጥ ይንከሩ፤ በየቀኑ" ብሎ አዘዘላት። ለሐኪሙ ቀላል ነገር ነው። ግማሽ ሰዓት ሳይቀዘቅዝ የሚቆይ ውሃ ግን ብዙ ውሃ ነው፤ ከቧንቧቸው የሚወርደው ደግሞ ቀዝቃዛ ብቻ። የቤቱ ሽቦ አሮጌ ስለሆነ ማሞቂያ እንዳይገጠምበት ኤሌክትሪክ ሠራተኛው አስጠንቅቋል። ስለዚህ ውሃው በትልቅ ድስት ይፈላል። ጋሽ እሳቱ "ቀስቅሺኝ፣ እኔ አነሣዋለሁ" ይላታል። እሷ ግን ያን ሁሉ ዓመት ሌሊት እየተነሣ ሥራ የገባ ሰው አሁን እንኳ ይተኛ ብላ አትቀሰቅሰውም። አንድ ማለዳ ድስቱ ከነፈላው ውሃ ከእጇ አመለጠ። እግሯን ለጥቂት ሳታት።

አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ የግማሽ ቀን መንገድ በአውቶቡስ ርቃ የምትኖር። ይህን ስትሰማ በስልክ አለቀሰች፤ ከዚያ ተቆጣች፤ ከዚያ ወሰነች።

"አባዬ፣ ሦስት ሳምንት ስጠኝ። ቅዳሜ መጥቼ እሁድ እማዬን ይዣት እመለሳለሁ። እኔ ጋ ሙቅ ውሃ ከቧንቧ ነው የሚወርደው።"

"ለስንት ጊዜ?"

"አባዬ... እጇ እኮ በአንድ ወር የሚድን አይደለም። አንተንም ባመጣህ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ቤቴን ታውቀዋለህ። እሷን እንኳ ከልጆቹ ጋር ነው የማስተኛት።"

"አውቃለሁ። እንዳልሽ ይሁን" አለና ስልኩን ለባለቤቱ ሰጥቶ ወደ ጣሪያው ወጣ። 

ፀሐይዋ እንደ ወትሮዋ ትፈስሳለች። ጋሽ እሳቱ መዳፉን የጣሪያው ሲሚንቶ ላይ አሳረፈ። ትኩስ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት እሳት ጠብቆ ለአንዲት ሴት ሁለት እጅ የሚሆን ሙቀት ማጣቱ አንገበገበው። ከዚያ ዓይኑን ከደነ፤ በህልምና በእውን መካከል ሆኖ በርሜል ታየው። ጥቁር፣ የተጀቦነ በርሜል፤ ውስጡ ፀሐይ ተኝታለች፣ እንደ ሕፃን ቀስ እያለች ትተነፍሳለች። ዓይኑን ሲገልጥ መለኪያ ሜትሩን ፍለጋ ወረደ።

የግቢያቸው ተጎራባች አናጢ ነው። ጋሽ እሳቱ የጣውላ ሳጥን እንዲሠራለት ሲጠይቀው መዶሻውን አስቀምጦ አዳመጠው።

"ቆይ፣ ቆይ ጋሼ። ፀሐይን በርሜል ውስጥ ልትከታት ነው?"

"ሙቀቷን።"

"በዚያው ለኔም አንድ ጣሳ ቅዳልኝ። ሚስቴ ፊቷ ከቀዘቀዘ ሳምንት ሆኗታል።"

"ያንተን ሚስት ቦይለርም አያሞቃት" አለው ጋሽ እሳቱ ፈገግ ሳይል። አናጢው ግን እስኪያስለው ሳቀ፤ ሳጥኑንም ሠራለት፣ ሰጋቱራም በጆንያ አሸክሞ ላከለት።

ሥራው አሥር ቀን ፈጀ። አሮጌ የቧንቧ ቁራጮችን እያጠፈና እየገጠመ እንደ እባብ የሚዞር መስመር አበጀ፤ በቆርቆሮ ላይ አሰረው፤ ሁለቱንም ጥቁር ቀለም ቀባቸው። ሳጥኑ ውስጥ ከትቶ ከአሮጌ መስኮት የተነቀለ መስታወት ከደነበትና ወደ ፀሐይዋ አጋደመው። ከሳጥኑ ጎን ትንሽ ከፍ ባለ የብሎኬት መደብ ላይ በርሜሉን አቆመ። ከበርሜሉ ግርጌ ቀዝቃዛው ውሃ ወደ ሳጥኑ ይወርዳል፤ መስታወቱ ሥር ሲሞቅ ይቀልላል፣ በላይኛው ቧንቧ ራሱ ወደ በርሜሉ ይመለሳል። ፓምፕ የለ፣ እሳት የለ። የበርሜሉን ክዳን ለእንፋሎት መውጫ እንዲሆን በሦስት ቦታ በሳው። ላይኛው ቧንቧ ላይ ደግሞ ቫልቭ ገጠመ። ለምን ቢሉት ለጥገና ይላል፤ ለእሱ ቫልቭ የሌለው ቧንቧ ቁልፍ እንደሌለው ሸሚዝ ነው። በመጨረሻ ከበርሜሉ ወደ መታጠቢያው ቧንቧ አወረደ፤ በርሜሉንም በጣውላ አጥሮ ዙሪያውን ሰጋቱራ ጠቀጠቀበት።

የመጀመሪያው ቀን ማታ፣ ፀሐይዋ ጠልቃ ሰማዩ ገና ብርቱካን መስሎ ሳለ፣ መታጠቢያው ውስጥ ቧንቧውን ከፈተላት። ውሃው መጀመሪያ ተንተፋተፈ፣ ከዚያ ወረደ፤ ጭስ የመሰለ እንፋሎት ተነሣ። እጇን ሰደደችና ወዲያው መለሰች።

"ውይ! ያቃጥላል እኮ አንተ!"

"ቀዝቃዛ ጨምሪበት" አላት፤ እንደ ተራ ነገር። ልቡ ግን እንደ ጎረምሳ ይዘል ነበር።

እዚያው ቆማ ስታጥብ፣ ስትታጠብ፣ ፊቷን በእንፋሎቱ ስታሞቅ ቆየች። እሱ በሩ ላይ ቆሞ አያት። ውሃው የዛሬዋ ፀሐይ ናት፤ ከሰዓት በኋላ ትከሻው ላይ ተቀምጣ የነበረችው። አሁን በሚስቱ ጣቶች መካከል ታልፋለች። እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም።

ጠዋት ውሃው እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ተገኘ።

ጋሽ እሳቱ አላመነም። ሰጋቱራው አንሷል አለና ሌላ ጆንያ አስመጥቶ ጠቀጠቀ። ማታ ትኩስ፣ ጠዋት በረዶ። አሮጌ ፍራሽ ቀድዶ ጠመጠመበት። ማታ ትኩስ፣ ጠዋት በረዶ። ከቁም ሳጥን ብርድ ልብስ አወጣ። አናጢው ከግቢው ቀና ብሎ፣ "ጋሼ፣ ካልሲ አድርግለት እንጂ፤ ብርዱ በእግሩ ነው የሚገባው!" ብሎ ጮኸ። ጋሽ እሳቱ ብርድ ልብሱን በርሜሉ ላይ ጠመጠመ። ቀልድ የሚመልስበት ልብ አልነበረውም። ቅዳሜ ሊደርስ ስድስት ቀን ቀርቶታል፤ ባለቤቱም ለጉዞው የክረምት ልብሷን አጥባ ማስጣት ጀምራለች።

ለማታ ብቻማ በቂ ነው፤ ግን እጇ የሚያማት ማለዳ ነው። ሐኪሙም ያዘዘው ማለዳ ነው። ልጃቸውን ከሐሳቧ የሚመልስ ማለዳ የሚወርድ ሙቅ ውሃ ብቻ ነው። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ እሱ ጣሪያው ላይ ነበር፤ መዳፉን በርሜሉ ላይ አድርጎ እንደ ሐኪም ያዳምጣል። ከኋላው የጫማ ኮቴ ሰማ። ባለቤቱ በነጠላ ጫማ አሥራ ሰባቱን ደረጃ ቀስ ብላ ወጥታለች፤ ሹራቧን ሳትቆልፍ ደርባለች።

"ብርድ ነው፣ ለምን ወጣሽ?"

"ጠፋህብኝ።"

አጠገቡ ቆመች። ጤዛው ሁሉንም ነገር አልብሶታል። የጣሪያው ግንብ እርጥብ ነው፤ የአናጢው ቆርቆሮ ስኳር እንደተነሰነሰበት ነጭ ሆኗል፤ የልብስ ማስጫው ገመድ ጠብታ ተሰክቶበት ያብረቀርቃል። ዓለም ገና ከእንቅልፏ ያልነቃች ይመስላል። ዕድሜ ልኳን እርጥቡን ከደረቁ በዳሰሳ ስትለይ የኖረች ሴት ናትና፣ ዓይኗ ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

"አንተ።"

"ምን?"

"ሁሉ ነገር ጤዛ አለው። ያንተ መስታወት ለምን ደረቀ?"

ዞሮ አየ። እውነቷን ነው። የሳጥኑ መስታወት ጠብታ የለበትም። የእጇን ጀርባ አሳረፈችበትና ቅንድቧ ተነሣ።

"ለብ ብሏል። ነክተህ እየው።"

ነካው። ለብ ብሏል፤ ሌሊቱን ሙሉ ፀሐይ ሳይኖር።  ዓይኑን ጨፍኖ ውሃውን በሐሳቡ ተከተለው፤ ድሮ ምድር ቤት ሆኖ እንፋሎቱን ፎቅ ለፎቅ እንደሚከተለው። ሲመሽ ሳጥኑ ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘው ውሃ ይከብዳል፣ በታችኛው ቧንቧ ይወርዳል፣ በርሜሉ ግርጌ ይገባል። ሲወርድ ደግሞ በላይኛው ቧንቧ ትኩሱን ከበርሜሉ እየሳበ ወደ መስታወቱ ያመጣዋል። መስታወቱም ያገኘውን ሁሉ፣ እስከ መጨረሻዋ ለብታ ድረስ፣ ወደ ላይ ይሰጣል።

"ወደ ኋላ ነው የሚሄደው" አለ በመጨረሻ በዝግታ። "ለካ ሌሊቱን በሙሉ ሰማይ ሲያሞቅ ነው የሚያድረው።"

"ከዋክብቱ እጃቸውን ታጥበውበታላ።"

ሊስቅ ቃጣው፤ ግን አልሳቀም።

"ይሄ ላይኛው ቧንቧ መዝጊያ አለው አይደል?" አለች።

"አለው።"

"ታዲያ ማታ ማታ ዝጋዋ።"

"አይዘጋም።"

"ተበላሽቷል?"

"ደህና ነው።"

"ታዲያ?"

"አይዘጋም አልኩሽ እኮ!"

ድምፁ ከፍ አለ። ባለቤቱ እጁን አየች፤ ጥፋቱ ቫልቩ ላይ እንዳልሆነ፣ እጁ ላይ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት። ጋሽ እሳቱ በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ሥራ ሲጀምር፣ አንድ ጆሮው ግማሽ የሆነ አለቃ እጁን ይዞ ከቦይለሩ በላይ ወዳለው ቀይ ቫልቭ ወስዶት ነበር። ጆሮው የተቆረጠው ሌላ ቦታ በፈነዳ ቦይለር ነው። "ይህን እሳት ካለ አትዘጋም። ታመህም፣ ደክመህም፣ ንጉሥ ቢያዝህም አትዘጋም። የምትዘጋው ከፎቅ ያሉትን ሁሉ ልትቀብር ከፈለግህ ብቻ ነው" አለው። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ እሳት ሳይኖርም እንኳ ያን ቫልቭ ነክቶት አያውቅም። ከፎቅ ያለችው ደግሞ እሷ ነበረች።

"እሳት የለውም እኮ ይሄ" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ፀሐይ ማታ የለች። ክዳኑንም አንተው ራስህ በስተኸዋል። ምኑ ይፈነዳል?"

"አውቃለሁ።"

"ሰው ቀን እንግዳ አስገብቶ ሌሊት በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶት ይተኛል? ይወጣላ!"

"አውቃለሁ አልኩ።"

በዚያን ዕለት ማታ ብቻውን ወጣ። ቀኑ ጥሩ ፀሐይ ነበር፤ ላይኛው ቧንቧ እጅ አያስቀምጥም። የቫልቩን እጀታ ያዘ። ልክ እንደሆነ ያውቃል፤ ስሌቱን አምስት ጊዜ አስቦታል። እጁ ግን የእሱ እጅ አልመስል አለው፤ ደረቀ። ለቀቀው። እንደገና ያዘው። ለቀቀው። ፀሐይዋ ከአናጢው ጣሪያ ጀርባ ወርዳ አለቀች፤ እሱ አሁንም ቆሟል።

ባለቤቱ ወጣች። እጀታው ጠንካራ ነው፤ ጣቶቿ አይጨብጡትም። ስለዚህ ሁለት መዳፏን እንደ ጸሎተኛ ገጥማ፣ እጀታውን በመካከላቸው አድርጋ፣ ትከሻዋን ተጭና አዞረችው። ጋሽ እሳቱ ፊቱን አዙሮ ቆመ። ሳያስበው ሲጠብቅ ነበር። ፍንዳታውን።

አንድ ወፍ ከግንቡ ላይ ተነሥታ ሄደች። ሌላ የሆነ ነገር የለም።

"ተረፍን" አለች።

ማክሰኞ ጠዋት ውሃው ሙቅ ነበር። የማታውን ያህል አይደለም፤ እጅ የሚፈልገውን ያህል ነው። በሳፋ ሞልቶ ሰጣት፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። በመስኮቱ የገባው ብርሃን ሳፋው ውስጥ ይዋኛል። ጣቶቿ አንድ በአንድ፣ እንደ ሰው ከእንቅልፉ ሲነቃ፣ ተላቀቁ። ስትጨርስ የሹራቧን ቁልፎች እሱ እያያት ከታች ጀምራ እስከ ላይ ቆለፈች።

ረቡዕ ጋሽ እሳቱ ክንድ የሚያህል የብረት ዘንግ ፈልጎ እጀታው ላይ አስበየደው፤ ጫፉን በጨርቅ ጠቀለለው። አሁን በአንድ ክንድ ገፋ ማድረግ ብቻ ይበቃል። ጠዋት የሚከፍተው እሱ ነው፤ መክፈት አያስፈራውም። ለማን እንደሠራው አልተናገረም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጃቸው መጣች። እናቷን አቅፋ እጇን አገላብጣ አየች፤ አባቷን ሳመች፤ ሁለት የመመለሻ ትኬት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሻይ ጠጡ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ እናትዮዋ ከወንበሯ ተነሣች።

"የት ነው እማዬ?"

"መጣሁ፤ ልዝጋ።"

ልጅቷ ተከትላት ወጣች። እናቷ ዘንጉን በክርኗ ገፋ ስታደርግ፣ አባቷ ደግሞ ራቅ ብሎ ሌላ ነገር የሚያይ መስሎ ሲቆም አየች። ምንም አልገባትም፤ ጠዋት ግን ገባት። እናቷ ከእሷ ቀድማ ተነሥታ፣ እጇን ነክራ፣ ለቁርስ ዳቦ ትቆርጥ ነበር። ልጅቷ ሳፋው ውስጥ እጇን ከተተች፤ አወጣች፤ እንደገና ከተተች።

"ደመና የሆነ ቀንስ?" አለች ወደ አባቷ ዞራ። የአባቷ ልጅ ናትና በዋዛ አትለቅም።

ጋሽ እሳቱ መዋሸት ይችል ነበር። "ደመና የሆነ ቀን አይሞቅም" አለ። "ሁለት ቀን ከደመነ ጨርሶ የለም። ያን ጊዜ በድስት ነው።"

"እና ድስቱን ማን ያነሣል?"

"እሱ" አለች እናቷ፣ ዳቦ መቁረጧን ሳታቆም። "እቀሰቅሰዋለሁ። እስካሁን ያልቀሰቀስኩት እኔው ነኝ ጥፋተኛዋ።"

"እማዬ፣ እኔ ጋ እኮ መቀስቀስም፣ መዝጋትም፣ ደረጃ መውጣትም የለም። ትከፍቻለሽ፣ ይወርዳል። በቃ።"

"አውቃለሁ የኔ ልጅ። ግን እኔ ከሄድኩ ይሄን ማን ይዘጋዋል?"

"አባዬ ነዋ!"

"አይችልም።"

"እንዴት አይችልም? ራሱ የሠራውን?"

እናትና አባት ተያዩ። ጋሽ እሳቱ ትኬቶቹን አየ። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ ለልጁ ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል።

"እውነቷን ነው" አለ። "አልችልም።"

ልጅቷ ልትስቅ ከንፈሯ ተከፈተ፤ የአባቷን ፊት ስታይ ተመልሶ ተከደነ። ይህ ሰው አልችልም ሲል ሰምታ አታውቅም። ከሁለቱ ትኬቶች አንዱን አንሥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ሌላውን እጥፍ አድርጋ እናቷ ፊት አስቀመጠችው።

"ክረምት ሲገባ ደመናው ይበዛል" አለች። "ያን ጊዜ እመጣለሁ፤ ያን ጊዜ አልለምንም።"

"ያን ጊዜ እንነጋገራለን" አለች እናቷ።

ከቀትር በኋላ እስከ አውቶቡሱ ሸኟት። ልጅቷ በመስኮቱ በኩል ቦርሳዋን ባዶው ወንበር ላይ ስታስቀምጥ ታየች። አውቶቡሱ ዞሮ ከዓይን ሲጠፋ ጋሽ እሳቱ ገና እጁን ያውለበልብ ነበር። መንገዱ ላይ ቆሞ ሲያስብ፣ ባለቤቱ እጅጌውን ሳብ አደረገችው። ፀሐይዋ ዝቅ ብላለች፤ የሁለቱም ጥላ ከመንገዱ ማዶ ድረስ ተዘርግቷል።

"ና እንጂ፣ ምን ትገተራለህ" አለችው። "ልትጠልቅ ነው።"

ፈጠን ፈጠን እያሉ ሄዱ።